አንድ ሄክታር ባሕር ዛፍ ውስጥ ስንት ማገር፣ ስንት አጣና፣ ስንት ቋሚ አለ?

ሱሉልታ አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ሳለ አንድ ጠዋት የባሕር ዛፍ ነጋዴ መጣ። ደኑን በዳር በዳሩ ዞረ፤ አምስት ስድስት ዛፍ በሁለት መዳፉ ጨብጦ ለካ፤ አንጋጦ ቁመቱን አየና ለጠቅላላው አንድ ዋጋ ጠራ። አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ለመሆኑ ስንት ቋሚ ይወጣዋል ብለህ ነው?» አሉት። «አባባ፣ ይሄ እኮ በዓይን ነው የሚገዛው» አላቸው። ተስማሙ። ዛፉ ተቆርጦ፣ ቀጭኑ ማገር ለብቻ፣ መካከለኛው አጣና ለብቻ፣ ወፍራሙ ቋሚ ለብቻ ተከምሮ ሲጫን አጎቴ አጠገቡ ቆመው ያዩ ነበር። የቋሚው ክምር እርሳቸው ከገመቱት እጅግ በለጠ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ደጋግመው ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «ባውቀው ኖሮ።»

ሊያውቁት ይችሉ ነበር፤ ያውም እያንዳንዱን ዛፍ ሳይለኩ። የደን ባለሙያዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ የዛፍ ውፍረት ስርጭት ሞዴል ይባላል። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን ባሕር ዛፍ ለተከለና ለሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚገባ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ሱሉልታ፣ ከሰበታ እስከ ሆለታ ድረስ ባሕር ዛፉ የቤተሰብ የቁጠባ ደብተር ለሆነበት ገበሬ ደግሞ በቀጥታ ኪሱን ይነካል።

ውፍረት ሲባል የቱ ጋ ተለክቶ ነው?

የዛፍ ግንድ ከሥር ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድን ዛፍ ለክተው እንዲስማሙ የሚለካበት ቦታ አንድ መሆን አለበት። በብዙ አገር የተለመደው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ የቆመ ሰው ደረት አካባቢ ስለሚውል «የደረት ቁመት» ይሉታል። እዚያ ከፍታ ላይ ከሥሩ አጠገብ ያለው እብጠት አልፏል፣ ለካዩም ማጎንበስም ሆነ መንጠራራት አያሻውም። እንደ እንጦጦ ባለ ተዳፋት ላይ 1.3 ሜትሩ የሚቆጠረው ከዛፉ በላይኛው በኩል ካለው መሬት ነው።

ልዩ መሣሪያ የግድ አይደለም። የልብስ ሰፊ ሜትር በግንዱ ዙሪያ ይጠመጠምና የተገኘው ለ3.14 ይካፈላል። ዙሪያው 31.4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ውፍረት ስል ግንዱ ቢቆረጥ በመሐል አልፎ ከዳር እስከ ዳር የሚለካውን፣ ማለትም ዲያሜትሩን ነው። ከአንድ ጉቶ ሦስት ግንድ አቆጥቁጦ ከሆነ ሦስቱም ለየብቻ ይለካሉ፣ ለየብቻም ይቆጠራሉ።

ቁመት ለምን አልሆነም? ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ የዛፍ ጫፍ አይታይም። ውፍረት ግን እጅ ላይ ነው፤ ቁመቱንም፣ የእንጨቱን መጠንም በደንብ ይጠቁማል።

አማካዩን ማወቅ አይበቃም?

ሁለት ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው 100 ዛፍ አላቸው እንበል። የአንደኛው ዛፎች ሁሉም 10 ሳንቲ ሜትር ናቸው። የሁለተኛው 50ዎቹ 5 ሳንቲ ሜትር፣ 50ዎቹ 15 ሳንቲ ሜትር ናቸው። የሁለቱም አማካይ 10 ነው። ገበያ ላይ ግን ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። የመጀመሪያው አንድ ዓይነት አጣና ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ሁለተኛው ግማሹን ለማገር፣ ግማሹን ለቋሚ ይሸጣል። በአማካዩ የተዋዋለ ሰው በሁለተኛው ደን ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ዛፍ እንኳ አያገኝም።

የእንጨቱ መጠንም ይለያያል። የግንድ የተቆረጠ ፊት ስፋት የሚያድገው በውፍረቱ ልክ አይደለም፤ ውፍረቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ባለ 10 ሳንቲ ሜትሩን አራት እጥፍ ፊት አለው። በዚህ ስሌት የሁለተኛው ጎረቤት የግንዶች ፊት ድምር ከመጀመሪያው በ25 በመቶ ይበልጣል። የዛፍ ቁጥር እኩል፣ አማካይ ውፍረት እኩል፣ የእንጨቱ መጠን ግን አራት ለአምስት! የአጎቴን ደን በዳር በኩል አምስት ስድስት ዛፍ ጨብጦ መገመት የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ዋጋው የተሸሸገው በስርጭቱ ውስጥ ነው። ስርጭት ማለት በየውፍረቱ ስንት ስንት ዛፍ እንዳለ ማለት ነው።

በአንድ ቀን የተተከለ ለምን እኩል አይወፍርም?

ችግኞቹ የተተከሉት በአንድ ክረምት ይሁን እንጂ አንዱ ድንጋይ ላይ፣ አንዱ ጥቁር አፈር ላይ አርፏል። አንዱን በሬ ረግጦታል። አንዱ በመጀመሪያው ዓመት ከጎረቤቱ አንድ ክንድ ቀድሞ ብርሃኑን ያዘ፤ ብርሃን የያዘ ቅጠል ያበዛል፣ ቅጠል ያበዛ ይወፍራል፣ የወፈረው ጎረቤቱን ያጠላበታል። የትንሽ ቀን ብልጫ በየዓመቱ ወለድ እየወለደ ይሄዳል። ተራርቆ የተተከለ ደን ላይ ፉክክሩ ዘግይቶ ይጀምራል፤ ጎን ለጎን ታጭቆ የተተከለ ላይ ግን ቶሎ ይጀምርና ቀጭኑን ያበዛዋል።

ውፍረቱን ከግራ ወደ ቀኝ፣ የዛፉን ብዛት ወደ ላይ አድርገን ብንስለው ውጤቱ ብዙ ጊዜ ኮረብታ ይመስላል፦ በጣም ቀጭን ጥቂት፣ መካከለኛ ብዙ፣ በጣም ወፍራም ጥቂት። ይህ ባንድ ዕድሜ የተተከለ ደን መልክ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥድ እንዳስተከሉበት የሚነገርለት መናገሻ ሱባ ውስጥ፣ አሮጌውና ወጣቱ አብሮ የሚያድግበትን የተፈጥሮ ደን ያየ ሰው ሌላ መልክ መጠበቅ አለበት። እንዲህ ባለ ደን ውስጥ ቀጫጭን ወጣቶች እጅግ ይበዛሉ፤ ውፍረቱ በጨመረ ቁጥር የዛፉ ብዛት እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ጥቂት ግዙፎች ላይ ያበቃል። ደ ሊዮኩር የተባለ ፈረንሳዊ የደን ባለሙያ በ1898 እ.ኤ.አ. ይህን ቁልቁል የሚወርድ መስመር ጽፎ አስቀምጦታል።

ኮረብታው እንዴት በሦስት ቁጥር ይገለጻል?

ከሱሉልታ ሜዳ ቆሞ የእንጦጦን ጀርባ የሚያይ ሰው ተራራውን ላላየው ወዳጁ በስልክ ሊነግረው ቢፈልግ እያንዳንዱን ድንጋይ አይዘረዝርም። ግርጌው ከየት እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ በየትኛው በኩል ቀጥ ብሎ በየትኛው በኩል እያዘገመ እንደሚወርድ ከነገረው ይበቃዋል። የውፍረት ስርጭት ሞዴልም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በደን ሙያ በስፋት የሚሠራበት ቀመር ዋይቡል የሚባለው ሲሆን ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ መነሻ፣ ስፋት እና ቅርጽ እንበላቸው።

መነሻው ከዚያ በታች ዛፍ የማይገኝበት ውፍረት ነው። ስፋቱ ዛፎቹ ከመነሻው ምን ያህል ርቀው እንደተዘረጉ ይናገራል። ቅርጹ ደግሞ የኮረብታውን ማዘንበል ይይዛል፦ 1 እና ከዚያ በታች ከሆነ ኮረብታ የለም፣ እንደ ተፈጥሮ ደኑ ቁልቁል ብቻ ነው፤ ወደ 3.6 ሲጠጋ ግራና ቀኙ ተመጣጣኝ ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ሲሆን ጅራቱ፣ ማለትም እየሳሳ የሚሄደው ጫፉ፣ ወደ ወፍራሞቹ ይረዝማል፤ ከ3.6 ሲያልፍ ጅራቱ ወደ ቀጫጭኖቹ ይዞራል። አንድ ቀመር ይህን ሁሉ መልክ መያዙ ነው ያስወደደው።

ቀመሩ ከደን የመጣ አይደለም። ዋሎዲ ዋይቡል ስዊድናዊ መሐንዲስ ነበር፤ ያሳሰበው ብረትና ሌላ ቁስ በስንት ጫና ይሰበራል የሚለው ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ግን ቀመሩ ለብዙ ነገር እንደሚሆን ለማሳየት የሕንድ ጥጥ ክር ጥንካሬን፣ የብሪታንያ ወንዶችን ቁመት፣ የቦሎቄ ፍሬን ስፋት ሳይቀር ለክቶበታል። ቤይሊ እና ዴል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ወደ ዛፍ ውፍረት አመጡት፤ ከዚያ ወዲህ በደን ሙያ ሥር ሰድዷል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለማስረጃ ያህል እኔ ነኝ የመረጥኳቸው፦ 1,000 ዛፍ፣ መነሻ 3፣ ስፋት 7፣ ቅርጽ 2.5። ከ12 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነው ስንት ነው? ከ12 ላይ መነሻውን 3 እንቀንስ፤ 9 ይቀራል። ለስፋቱ ለ7 እናካፍል፤ 1.286። ይህን በቅርጹ፣ በ2.5 ኃይል ከፍ እናድርግ፤ 1.874። አሁን 2.718 የተባለውን ቁጥር በ1.874 ኃይል ከፍ አድርገን 1ን ለውጤቱ እናካፍል፤ 0.153። ስለዚህ ከ1,000 ዛፍ 153ቱ ከ12 ሳንቲ ሜትር ይወፍራሉ። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃዋል።

በዚሁ መንገድ ስንቀጥል ከ6 በታች 113፣ ከ6 እስከ 9 ያሉት 380፣ ከ9 እስከ 12 ያሉት 353፣ ከ12 እስከ 15 ያሉት 132፣ ከ15 በላይ 21 ይመጣሉ (ነጥቡን ስናጠጋጋ አንድ ዛፍ ጎድሎብናል)። አማካዩ 9.2 ነው። አማካዩን ብቻ የሰማ ገዢ «9 እና ከዚያ በላይ ነው» ብሎ ቢያስብ ግማሽ ያህሉ ዛፍ ከ9 በታች ሆኖ ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል ከ12 በላይ የሆኑት 153 ዛፎች በቁጥር 15 በመቶ ናቸው፤ ከግንድ ፊት ድምር ግን ወደ 30 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። አጎቴ ያላወቁት ይህችን የቀኝ ጅራት ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች ከየት ይገኛሉ?

ከናሙና። 5.64 ሜትር ገመድ አንድ ጫፉን ችካል ላይ አስሮ ዙሪያውን ቢዞሩበት 100 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የሄክታር አንድ መቶኛ የሆነ ክብ ይወጣል። በክቡ ውስጥ የተቆጠረው ዛፍ በ100 ሲባዛ የሄክታሩ ግምት ነው። በተዳፋት ላይ ገመዱ መሬቱን ተከትሎ ሳይሆን አግድም፣ ውኃ ልክ ሆኖ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ክቡ ይጠብባል። አንድ ክብ አይበቃም፤ ደኑ በተዘበራረቀ ቁጥር ክቦቹ መብዛት አለባቸው።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የክቦቹ ቦታ ነው። ሰው እግሩ የሚቀናው ወደ ዳር ነው፤ የዳር ዛፍ ደግሞ በአንድ በኩል ተፎካካሪ ስለሌለው ብርሃን ይጠግባል፣ ይወፍራል። ዳሩን ብቻ የለካ ደኑን ከሆነው በላይ ያወፍረዋል። ስለዚህ ቦታው ደኑ ውስጥ ከመግባት በፊት በወረቀት ላይ፣ በእኩል ርቀት ወይም በዕጣ ይወሰናል፤ ዓይን ያማረውን እንዲመርጥ አይፈቀድለትም።

ልኮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ኮምፒውተር ብዙ ኮረብታዎችን እየሞከረ፣ እነዚህን ልኮች ሊያወጣ የሚችልበት ዕድል ከሁሉም የሚበልጠውን ይመርጣል። ከኮምፒውተር በፊት የነበረና አሁንም የሚያገለግል ቀላል መንገድም አለ። የተለኩትን ዛፎች ከቀጭን ወደ ወፍራም መደርደር ነው። በዋይቡል ቀመር መነሻው እና ስፋቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ ከ100 ዛፍ 63ኛው ላይ ያርፋሉ፤ ቅርጹ ምንም ይሁን። በላይኛው ምሳሌ 3 እና 7 አሥር ነው፤ 63 በመቶው ዛፍ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ነው ማለት ነው። ከተደረደሩት መካከል አንድ ሁለት ሌላ ቦታ ላይ ያሉትን ዛፎች ውፍረት ሲጨምሩበት ቅርጹም ይወጣል።

ከዚያ ማረጋገጥ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ውፍረት በታች የተለካው ድርሻና ቀመሩ ያለው ድርሻ ጎን ለጎን ይቀመጡና በመካከላቸው ያለው ትልቁ ክፍተት ይታያል። ኮልሞጎሮቭ እና ስሚርኖቭ በተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ስም የሚጠራው ፈተና ክፍተቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው ወይስ ቀመሩ ደኑን አልመሰለም የሚለውን ይለያል።

ቀመሩ መቼ ይስታል?

አዲስ አበባ ዙሪያ ስለሚስትባቸው ጊዜያት በዝርዝር ማውራት ይገባል፤ ምክንያቱም የእኛ ባሕር ዛፍ እንደ መማሪያ መጽሐፉ ደን አንዴ ተተክሎ አንዴ የሚቆረጥ አይደለም። ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይቆረጣል። አንድ ገበሬ ለልጁ ሠርግ ከታች በኩል ያለውን ግማሽ ከቆረጠ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ላይኛውንና ታችኛውን ባንድ ላይ የለካ ሰው ሁለት ጉብታ ያለው ግመል ያገኛል፦ አንዱ የአዲሱ ቁጥቋጦ፣ ሌላው የነባሩ። ዋይቡል አንድ ጉብታ ብቻ ነው የሚያውቀው። በግድ ቢጫንበት በሁለቱ መካከል ያለውን ሸለቆ በዛፍ ሞልቶ፣ የሌለ አጣና ቆጥሮ ያስቀምጣል። መፍትሔው ሁለቱን ለየብቻ መለካት ነው፤ ድንበሩ የማይለይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ኮረብታ ደራርቦ የሚያስላ ሞዴል አለ።

ሌላው እየተመረጠ የተቆረጠ ደን ነው። ቤት ሲሠራ ወፍራም ወፍራሙ ለቋሚ ከወጣ የኮረብታው ቀኝ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ማገር እየተለቀመ ከሆነ ግራው ይጎድላል። ባለሙያ ይህን ቅርጽ አይቶ ማንም ሳይነግረው የደኑን ታሪክ ያነባል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ እኔን በጣም የሚማርከኝ ነገር ይህ ነው።

ለካዩም ያስታል። ደክሞት ልኩን ወደ 5 እና ወደ 10 የሚያጠጋጋ ሰው ካለ ስዕሉ ላይ 10 ላይ ድንገት የቆመ ምሰሶ፣ 9 እና 11 ላይ ጉድጓድ ይታያል። ዛፍ እንዲህ አያድግም።

የነገውንስ ይነግራል?

አዎ፣ ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው። ደኑ ሲያድግ ኮረብታው ወደ ቀኝ ይጓዛል፣ እየሰፋም ይሄዳል፤ የታፈኑት ቀጫጭኖች ሲደርቁ የግራ ግርጌው ይጎድላል። ሦስቱ ቁጥሮች ከደኑ ዕድሜ፣ በሄክታር ካለው የዛፍ ብዛትና ከረጃጅሞቹ ዛፎች ቁመት ጋር እንዴት እንደሚለዋወጡ ከታወቀ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ኮረብታው የት እንደሚደርስ ማስላት ይቻላል። ዘንድሮ ልሽጥ ወይስ ሁለት ክረምት ልታገስ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። የረጃጅሞቹ ቁመት የተመረጠው የአፈሩን ለምነት ስለሚያሳብቅ ነው።

ይህ ዝምድና ግን ከአገር አገር አይገለበጥም። እንጦጦ ላይ የበዛው ነጭ ባሕር ዛፍ ደገኛ ነው፤ ቀዩ ባሕር ዛፍ የሚወደው ሞቅ ያለ ቦታ ነው። ለአንዱ የተሠራ ቁጥር ለሌላው አይሆንም። እነዚያኑ ዛፎች በየዓመቱ ተመልሶ የሚለካ ቋሚ የናሙና ቦታ ያስፈልጋል፤ ይህም ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ለዜና የማይመች፣ ግን የማይተካ ሥራ ነው።

ለምን አሁን?

ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲገባ አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ነበር፤ መናገሻ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደርሷል። ከተማይቱን ባለችበት ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ይህ ዛፍ ነው። ዛሬም የፎቅ መወጣጫው፣ የጭቃ ቤቱ ቋሚና ማገር፣ ከእንጦጦ ቁልቁል እናቶች በጀርባቸው የሚያወርዱት ማገዶ ከእርሱ ነው። ከ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ወዲህ ደግሞ በየክረምቱ የተተከለ ችግኝ ቁጥር እንሰማለን። የችግኝ ቁጥር የተተከለበትን ቀን ይናገራል። ስንቱ ጸድቆ፣ ስንቱ ታፍኖ፣ ስንቱ ለምን ጥቅም ደርሶ እንደቆመ የሚናገረው የውፍረት ስርጭቱ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን የሚጠይቅ ጋዜጠኛም ሆነ ነዋሪ ይህንንም አብሮ ቢጠይቅ እወዳለሁ።

የአጎቴ ጉቶዎች ካቆጠቆጡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገመድ፣ አራት ችካልና የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘን ገባን። እርሳቸው ይጠመጥማሉ፣ ቁጥሩን ይጠራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ክብ 34 ግንድ ወጣው። ሁለተኛውን ችካል እኔ በቀረበኝ ቦታ፣ ከአጥሩ ሦስት እርምጃ ገባ ብዬ ልተክል ስል እጄን ያዙኝ። «እዚህ? የዳሩ ይወፍራል ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?» አሉና ችካሉን ተቀብለውኝ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት ወዳደረግንበት፣ ቅጠሉ ወደ ጨለመበት ውስጡ ይዘውት ገቡ።